ቁራዋ የመሰከረችበት ልጅ

ጠዋት ጠዋት በሬዲዮ የሳይንስ ዜና የሚያወራ አንድ ልጅ አለ። አፉ ሲጣፍጥ! እኔ እንኳ ፊደሉን ለይቼ ሳልጨርስ ነው ከትምህርት ቤት የወጣሁት፤ ሳይንስ የማውቀው በጆሮዬ ነው። ግን ሳይንስ ማለትስ ምንድነው? የሰው ጓዳ ገብቶ ማየት አይደል? የኮከብ ጓዳ፣ የጉንዳን ጓዳ፣ የባሕር ጓዳ። እኔ ዕድሜ ልኬን የሠራሁት ሥራ ነው፤ ልዩነቱ እነሱ ደሞዝ ያገኙበታል።

አሠራሬ እንዲህ ነው። ነጠላ ጫማዬን አድርጌ በር በሩን እያየሁ እሰማለሁ። ጥሩዋ ነገር ላይ ሲደርስ ሬዲዮውን ጠርቅሜ፣ ወሬው ሳይበርድ ወደ ደረጃው። የምንኖረው አምስተኛ ፎቅ ነው። ወደ ታች ስወርድ ፎቅ በፎቅ እያደልኩ፣ መጨረሻ ምድር ቤት ልብስ ሰፊዋ ጋ እገባና እቀመጣለሁ። ባለፈው አንድ ስምንት ክንድ ያለው የባሕር እንስሳ ሦስት ልብ አለው ሲል ሰማሁና በረርኩ።

"ሦስት ልብ!" አልኳት።

ክሩን በጥርሷ በጠሰችና "እኔ በአንዱ እንቅልፍ አጣሁ፣ እሱ እንዴት አድርጎ ነው የሚተኛው?" አለችኝ።

ሁለተኛ ፎቅ ደግሞ ጋሼ እርማት አሉ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ሰው ደህና ዋላችሁ ሲላቸው እንኳ ሳያርሙት አይመልሱም። "እማማ፣ ሦስት ልቡን ምን ያደርግበታል?" ሲሉኝ ከየት ላምጣው? ሬዲዮውን ዘግቼ መጥቼ የለ!

እንግዲህ ወደ ጉዳዩ ልግባ። የልጅ ልጄ ሚጡ መነጽር መሸጫ ነው የምትሠራው። አንድ ቀን ሊፍቱ መሀል ላይ ቆመባትና ሊፍት ሠሪው መጥቶ እጇን ይዞ አወጣት። ከዚያ ወዲያ ሊፍቱ ሚጡ ሥራ ልትሄድ ስትል ብቻ ይበላሽ ጀመር። ልጁም መፍቻውን ይዞ ከተፍ! እኔ ገባኝ፤ ዝም አልኩ። ዝም አልኩ ስል ለልብስ ሰፊዋና ለሦስተኛ ፎቅ ብቻ ነው የነገርኩት። በኋላ ነገሩ መልክ ያዘና፣ እሁድ የልጁ እናት መጥታ ሚጡን ለልጇ ልትጠይቅ ቀጠሮ ተያዘ። ልጄ፣ ማለት የሚጡ እናት፣ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ናት። ቤት ውስጥም እንደዚያው ናት፤ ሽሮ ፈላ ብትላት "ማን አየው?" የምትል ዓይነት። ብቻ እሷም ልጁን ወዳው ነበር።

በዚያው ሳምንት አንድ ጠዋት የሬዲዮው ልጅ ምን አለ መሰላችሁ? ቁራ የበደላትን ሰው ፊት አትረሳም አለ። ዓመታት ቢያልፉ ታውቀዋለች፣ እያሳደደች ትመታዋለች፣ ለልጆቿም "ያ ሰውዬ ክፉ ነው" ብላ ታስታውቃለች አለ። ወይ ጉድ! ላባ የለበሰች እኔ ናት! "አስገራሚው ነገር ደግሞ" ብሎ ሲቀጥል ሬዲዮውን ዘጋሁት። ከዚህ በላይ ምን ሊያስገርም?

ልብስ ሰፊዋ ጋ ደርሼ ገና ነግሬ ሳልጨርስ፣ ሊፍት ሠሪው ከጣራ ላይ ወርዶ ገባ። ፀጉሩ ተነጫጭቷል፣ ግንባሩ ላይ ደም አለ። አንገቱ ላይ ያ የሥራ ጭምብሉ ተንጠልጥሏል፤ መነጽርና የአፍንጫ መሸፈኛ አንድ ላይ የተሰፋ፣ የአሳማ አፍንጫ የመሰለ ጥቁር ነገር። ከሱ በፊት የነበረው ወፍራሙ ሠራተኛ ጣራው በር ላይ ሚስማር ላይ ሰቅሎ ትቶት የሄደው ነው።

"ምን ሆነህ ነው አንተ?" አለችው ልብስ ሰፊዋ።

"ቁራ ናት እባክሽ። ሞተሩ አቧራ ነው፣ ጭምብሌን አድርጌ በሩን ስከፍት ከላይ ትወርድብኛለች። የሚገርመኝ ደግሞ ሌላ ሰው አትነካም። ልብስ የሚያሰጡት ሁሉ አጠገቧ ይሄዳሉ። እኔን ብቻ!"

ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን አቆመች። እኔን አየችኝ። እኔም አየኋት። ልጁ ደሙን አጥቦ ወጣ።

"ምን አድርጓት ነው?" አለች ቀስ ብላ።

እውነቴን ነው፣ እኔ ምንም አላልኩም። ቅንድቤን ብቻ ነው ከፍ ያደረግኩት።

ሊፍቱ ተበላሽቷልና በእግሬ ነው የተመለስኩት፤ ወሬው ግን ጉልበቱን አያመውም፣ ቀድሞኝ ወጥቷል። ሁለተኛ ፎቅ ስደርስ እንቁላሏን ሰርቋል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንቁላሏን ጠብሶ በልቷል። አራተኛ ፎቅ ስደርስ ባሏን በእጁ አንቆ ገድሎ ሬሳውን በሊፍቱ ገመድ አስሮታል። እኔ እንኳ፣ የወሬው እናት፣ አራተኛ ፎቅ ቆሜ "ኸረ በስመ አብ!" ብዬ አፌን ያዝኩ።

ቤት ስገባ ልጄ እጇን አጣጥፋ ቆማለች።

"ይህ ጋብቻ አይሆንም" አለች።

"ቁራ መታችው ተብሎ?" አለች ሚጡ፤ እንባዋ ዓይኗ ላይ ነው።

"ያለ ምክንያት ፊቱን አትይዝበትም። ሳይንስ ነው፣ አያትሽ በሬዲዮ ሰምታለች። ለቁራ ያልራራ ለሚስት ይራራል?"

"እማዬ፣ ምስክሯ እኮ ቁራ ናት!"

"የዓይን ምስክር ናት። እኔ ጋ ከዚህ ባነሰ የታሰረ አለ።"

ሚጡ ወደኔ ዞረች። "እማማ፣ ደስ አለሽ? ወሬሽ ሠርጌን በላው።"

ይቺ ነገር ልቤን ወጋችው። አንዷን ልቤን፤ ሌላ የለኝም። ሚጡ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋችው፤ ራት አልበላችም። ልጁ መጥቶ በር ላይ ቆሞ "እማማ፣ እኔ በልጅነቴ እንኳ ወንጭፍ ይዤ አላውቅም። ጉንዳን ስረግጥ ይቅርታ የምል ሰው ነኝ" እያለ ሲለምን ልጄ በሩን በሰንሰለቱ ልክ ገርበብ አድርጋ "ተቃውሞህ ተመዝግቧል" አለችውና ዘጋችው።

አሰብኩ፣ አሰብኩና አንድ ነገር መጣልኝ። ሰው ከሰው ሲጣላ ምን ይደረጋል? ሽማግሌ ይላካል። ቁራዋ ከተበደለች፣ ባይበድላትም ተበደልኩ ካለች፣ ሽማግሌ እንላክባት። ከታረቀች ክሱ ይነሳል።

ልጄ ትንሽ አሰበችና "በኔ ፊት ከሆነ እሺ" አለች።

እሁድ፣ የልጁ እናት ከመምጣቷ በፊት ነገሩን ለመጨረስ ሁላችንም ጣራ ላይ ወጣን። ጋሼ እርማት በጡረታ ሽኝታቸው ቀን የለበሱትን ኮት ለብሰዋል። ልብስ ሰፊዋ ብስኩት ይዛለች፣ እኔ የተቀቀለ እንቁላል። ልጄ ጥግ ላይ ቆማ እንደ ዳኛ ታያለች። ሚጡ ጥፍሯን ትበላለች። ቁራዋ የሊፍቱ ሞተር ቤት ጫፍ ላይ ተቀምጣ አንገቷን ወደ ጎን አድርጋ ታየናለች። እንደኔ ስትሰማ ነው የምትመስለው።

ጋሼ እርማት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "የተከበሩ ቁራ" አሉ። "ዛሬ እዚህ የቆምነው በእርስዎና በዚህ ልጅ መካከል የተፈጠረውን..."

"ቋ!" አለች።

"እየተናገርኩ ነው፣ አያቋርጡኝ!" አሉ ጋሼ እርማት ተቆጥተው።

"ጋሼ፣ ለስለስ ይበሉ እንጂ፣ ልመና እኮ ነው" አለች ልብስ ሰፊዋ።

እኔ እንቁላሉን ልጬ ፊቷ አስቀመጥኩላት። ልብስ ሰፊዋ በክርኗ ጎሰመችኝ። "እማማ! ለወፍ እንቁላል ይሰጣል? ለቅሶ ቤት ሬሳ ይዞ እንደመሄድ አይደል?" ወይ የኔ ነገር! ቶሎ ብዬ እንቁላሉን አነሳሁና፣ የት ላድርገው፣ አፌ ውስጥ ከተትኩት። ቁራዋ ይህንንም አየች።

"ተከሳሽ ይቅረብ" አለች ልጄ።

በሩ ተከፈተ። ልጁ ዓይኔን እንዳታወጣው ብሎ ያንን ጭምብል አድርጎ ነው የመጣው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ብሎ "ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ምን እንዳደረግኩሽ ባላውቅም..." ብሎ ሳይጨርስ ቁራዋ ተወርውራ መጣችና አናቱን ኳ! ኳ! ኳ! ልጁ ወደ በሩ፣ ቁራዋ በላዩ፣ ጋሼ እርማት ኮታቸውን ራሳቸው ላይ ጥለው መሬት፣ ልብስ ሰፊዋ ብስኩቷን በትና እየጮኸች። በሩ ሲዘጋ ቁራዋ ተመለሰችና እኛ መሀል በእግሯ እየተራመደች ብስኩቱን ለቀመች።

"ተፈርዷል" አለች ልጄ።

ሚጡ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። እኔ ደግሞ እንቁላሉ ጉሮሮዬ ላይ ቆሟል፤ ማልቀስም መዋጥም አቃተኝ።

በዚህ መሀል ነው የልጁ እናት ጩኸቱን ተከትላ በደረጃው እያለከለከች የመጣችው። ሊፍቱ አይሠራም፤ ሠሪው ክስ ላይ ነው። ቁመቷ አጭር፣ ጉንጯ ቀይ ሴትዮ ናት፣ ልብስ ማጠቢያ ቤት በካውያ ልብስ የምትተኩስ። ልጇ ጭምብሉን አውልቆ በሩ ሚስማር ላይ ሰቅሎ፣ አናቱን ይዞ ደረጃ ላይ ተቀምጦ አይታዋለች።

"ልጄን ምን አደረጋችሁት?" አለች።

እንግዲህ ምን ይደበቃል? እንቁላሉን ዋጥኩና ሁሉንም ነገርኳት፣ ከሬዲዮው ጀምሬ።

ሴትዮዋ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። "ቆይ፣ ያ የጭምብሎቹ ወሬ ነው?"

"የምን ጭምብል?"

"እርሶ አልሰሙም? እኔ እኮ ሬዲዮ የምከፍተው ካውያው ሲግል ነው፤ መጀመሪያውን አግኝቼው አላውቅም። 'አስገራሚው ነገር ደግሞ' ከሚለው ጀምሮ ነው የሰማሁት። ምሁራኑ ለሙከራ ጭምብል አጥልቀው ነበር አለ። ቁራዎቹ ያንን ጭምብል ያደረገውን ሁሉ መቱት፤ ጥፋት የሌለበትን ሰው ሳይቀር! ጭምብሉ ሲወልቅ ዞረውም አላዩት። እኔማ እስከ ዛሬ ግራ ገብቶኝ ነበር፤ ቁራዎቹን ምን አድርገዋቸው ነው እያልኩ።"

ሁላችንም በሩ ላይ የተንጠለጠለውን የአሳማ አፍንጫ አየነው።

"ወፍራሙ!" አለች ልብስ ሰፊዋ። "ያ የድሮው ሠራተኛ! ጎጆዋን በመጥረጊያ ከሞተሩ ላይ ያወረደው እሱ አይደል? ጭምብሉን አድርጎ ነበር፣ ላባው እስከ ሱቄ በር ወርዷል።"

ልጄ ግን ጭንቅላቷን ነቀነቀች። "ይህ ግምት ነው። ማስረጃ የታለ?"

"ሙከራ ያስፈልጋል" አሉ ጋሼ እርማት ከመሬት ሳይነሱ። "ቁራዋን ፈጽሞ ያልበደለ ንጹሕ ሰው ጭምብሉን ማድረግ አለበት። እኔ ግን ወገቤ..."

"ንጹሕ ሰው ካላችሁማ" አልኩ እኔ፣ "ልጄ አለች። በዚህ ሕንፃ ከሷ በላይ ንጹሕ ማን አለ?"

ሰው ሁሉ አያት። እምቢ ብትል ንጹሕ አይደለሁም ማለቷ ነው፤ እሺ ብትል ደግሞ የሚመጣውን ታውቃለች። አፍንጫዋን ነፋ አድርጋ ጭምብሉን አነሳችና አጠለቀችው። ሁለት እርምጃ እንኳ አልሄደችም።

ቁራዋ ብስኩቷን ጣለች።

አቤት! ልጄ ጣራውን ስትዞረው፣ የተሰጣው አንሶላ ውስጥ ስትገባ፣ ቁራዋ በሌላ በኩል ስትጠብቃት! አርብ ዕለት የተሠራችው ፀጉር ጎጆ ሆነ።

"ልጄ!" ብዬ ጮህኩ። "ለናትሽ ተናገሪ፤ ምን አድርገሻት ነው?"

"እንቁላሏን ጠብሳ ነው የበላችው!" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"ባሏንም አንቃለች" አሉ ጋሼ እርማት።

"ለቁራ ያልራራ..." ብላ ሚጡ ስትጀምር ሳቋ ቀደማት። ካለቀሰች ወዲህ ስትስቅ ስሰማት የመጀመሪያዋ ነበር።

ልጄ ጭምብሉን አውልቃ ወረወረችው። ቁራዋም በአየር ላይ እንዳለች ነገሩን ተወችውና አጠገቧ አርፋ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ብስኩቷን ፈለገች። ሊፍት ሠሪው ባዶ ፊቱን ከበሩ ብቅ አደረገ። ቁራዋ አየችው፤ በጫማው አጠገብ አለፈች፤ የጫማውን ክር ጎተት አደረገችና ሄደች።

ልጄ ከፀጉሯ ላይ ላባ አወጣች፣ ቀሚሷን አስተካከለች፣ ለልጁ እናት እጇን ዘረጋች።

"ክሱ ተዘግቷል" አለች። "ግቡና ስለ ሠርጉ እናውራ። ግን ይህን ነገር መሥሪያ ቤቴ የሰማ እንደሆነ..." ብላ እኔን አየችኝ። እኔ ሰማዩን አየሁ።

ልጁ ሊፍቱን አስነሳው። እናቱና እኔ ጉልበታችን ስለማይችል አብረን ገባን። ወደ ቤት አንድ ፎቅ ብቻ ነበር፤ ትንሽ ወረደና ድው! መሀል ላይ ቆመ። ላይ ሚጡ ስትስቅ ይሰማል። ልጁ አልቸኮለም፤ በሱ አልፈርድም።

"እንግዲህ ሊቆይ ነው" አለች ሴትዮዋ፣ ግድግዳውን ተደግፋ።

"ይቆይ" አልኳት። "እስቲ ይንገሩኝ፤ ያ ስምንት ክንድ ያለው የባሕር እንስሳ... ሦስት ልቡን ምን ያደርግበታል?"

ፊቷ በራ። "ልብ? ለካ ልብ ነው! እኔ የሰማሁት 'ሲዋኝ አንዱ ሥራ ያቆማል፤ ስለዚህ ቶሎ ይደክመውና መዳህ ይመርጣል' የሚለውን ነው። ምኑ ነው የሚያቆመው ብዬ ስንት ልብስ አቃጠልኩ መሰሎት!"

ወይ ጉድ። በሕይወቴ አንድ ወሬ ከነራሱ ከነጅራቱ ሙሉ ሆኖ እጄ ሲገባ ይኸው የመጀመሪያው። ልብስ ሰፊዋ ታች ሱቋ ወርዳለች፣ ጋሼ እርማት መልሱን እየጠበቁ ነው፣ እኔ እዚህ ብረት ሳጥን ውስጥ ተንጠልጥያለሁ። በሩን በነጠላ ጫማዬ ደበደብኩት።

"አንተ ልጅ!" አልኩ። "ሠርጉ ይደርሳል፣ መጀመሪያ እኔን አውጣኝ!"