ሙቀጫን ማንም እንዳይሰማው

ከባንዱንግ በስተምሥራቅ፣ በኡጁንግ ብሩንግ፣ ኤንግኩስን የማያውቅ የለም። ኤንግኩስ ግን የሚኮራው ማንም በማያውቀው ነገር ነው። ሥራው ቲሸርት ላይ ማተም ነው። ሳምንቱን ሙሉ ለምርጫ ተወዳዳሪዎች ፈገግታ፣ ለተማሪዎች የስፖርት ቀን ቁጥር፣ ለእቁብተኛ ሴቶች አበባ ሲያትም ይሰነብትና እሁድ ከሰዓት በኋላ ማተሚያውን ጥግ አስይዞ፣ ስፒከሩን ወደ በሩ አዙሮ፣ ሄቪ ሜታል የሚባለውን ጩኸት ይለቀዋል። ጩኸት የሚለው ሰፈሩ ነው። እሱ ሙዚቃ ይለዋል። በዚህ ጉዳይ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መግባባት ላይ አልተደረሰም።

ዕድሜው አርባ አራት ነው። ፀጉሩ ከኋላ እስከ ወገቡ ይወርዳል፤ ከፊት ያለው ግን ደህና ሁኑ ካለ ቆይቷል።

እሁድ እሁድ ሱቁ የሚሰበሰቡት አምስት ስድስት ሰዎች ናቸው። የሚናገሩት ሦስት ሲሆኑ የቀሩት ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ። ከተናጋሪዎቹ አንዱ ራሱ ኤንግኩስ ነው። ሁለተኛው ኦማን የሂሳብ አስተማሪ ሲሆን ካሴት ከቀረ ወዲህ የተሠራ ሙዚቃ ሁሉ የሠርግ ዘፈን ነው ብሎ ያምናል። ሦስተኛው ቴጃ ስልክ ጠጋኝ ነው፤ በዕድሜ ታናሻቸው ስለሆነ ሁለቱንም «ካንግ» እያለ ይጠራቸዋል፤ ታላቅ ወንድሜ እንደማለት ነው። አክብሮቱ ግን እዚያው ላይ ያልቃል።

የስብሰባው ሕግ ቀላል ነው። ባለ ተራው አንድ ባንድ ያመጣል። ባንዱን ከመካከላቸው አንድ ሰው እንኳ ቀደም ብሎ ሰምቶት ከተገኘ፣ ያመጣው ሰው የሁሉንም የሻይ ብርጭቆ ያጥባል። ማንም ካልሰማው ይከበራል። ባንዱ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚለው ጥያቄ የሚነሳው ጊዜ ሲተርፍ ነው፤ ጊዜ ደግሞ ተርፎ አያውቅም።

ከብርጭቆ እጥበት የባሰም አለ። የተከበረው ባንድ ዘፈኑ ከሚኒባስ ውስጥ የተሰማ ዕለት፣ ወይም የአንዳቸው የእህት ልጅ ሲያፏጨው የተያዘ ዕለት፣ ባንዱ ሞቷል ይባላል። ቲሸርቱ ተገልብጦ ይለበስለታል፤ ሳምንት ሲሞላው የሞተር ሳይክል መወልወያ ይሆናል። የኤንግኩስ ሚስት ኢማስ እንዲህ ያሉ አሥራ አንድ መወልወያዎች አሏት። ጎረቤት ሲጠይቃት፣ «ባሌ ለቤቱ ያፈራው ነው» ትላለች።

«ዛሬ ያመጣሁላችሁ የአንድ ሰው ባንድ ነው» አለ ቴጃ አንድ እሁድ፣ የተጠበሰ ሙዝ እያላመጠ። «ሰውየው ዓሣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ገብቶ ነው የቀዳው። ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ ሁሉ ይሰማል።»

«ስንት ሰው ሰምቶታል?» አለ ኦማን።

«እኔና እሱ።»

«እሱ ደግሞ ለምን ሰማው?»

«ራሱ ሠርቶት ነዋ፣ ካንግ!»

«እንግዲያው ሁለት ሰው ሰምቶታል። በዛ።»

«አንተ ያመጣኸውስ? ‹የበሰበሰ ድልድይ› የሚሉትን ካሴቱ ተበላሽቶ ማንም ሊሰማው አልቻለም እኮ። አንተም ራስህ አልሰማኸውም።»

«ስለዚህ ነው የምወደው» አለ ኦማን።

ኤንግኩስ ይህን ሁሉ የሚሰማው ከአሮጌ ሚኒባስ በተነቀለች ወንበር ላይ ተንፈላሶ ነው። ወንበሯ ስፒከሩ አጠገብ ናት፤ የምትሰጠውም ከሁሉ ይልቅ ያልታወቀ ባንድ ላገኘ ሰው ነው። ኤንግኩስ ሁለት ዓመት ሙሉ ከላይዋ አልተነሳም፤ ምክንያቱም ሙቀጫን ያገኘው እሱ ነው።

ሙቀጫ የሦስት ሰዎች ባንድ ነው። ዘፋኟ ሊሊስ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ስትሆን፣ ማይክ ስትጨብጥ ከጉሮሮዋ የሚወጣው ድምፅ ጉድጓድ የገባ በሬ ነው። ኤንግኩስ የሰማቸው አንድ የግርዛት ድግስ ላይ ነበር። ደጋሹ የፍቅር ዘፋኞች መስለውት ቀጥሯቸው፣ በሁለተኛው ዘፈን ላይ መብራቱን አጠፋባቸው። ኤንግኩስ ግን በዚያች አንድ ዘፈን ተኩል ዓይኑ እንባ አቀረረ። ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ለጓደኞቹ የነገራቸው፣ «ማንም አያውቃቸውም» ብሎ ብቻ ነው። ለእነሱም ያ ይበቃቸዋል።

ማክሰኞ ዕለት ሊሊስ ራሷ ሱቁ መጣች፤ እጇ ላይ የልጆች ቀለም ነበረባት።

«ካንግ ኤንግኩስ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ። እሁድ ሳምንት ሰባት ሰዓት ላይ በስፖርት አዳራሹ እንጫወታለን። ሁለት መቶ ፖስተር አትመህ ትለጥፍልናለህ? የሙዚቃውን ሰዎች ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም።»

«ለእናንተማ!»

«ምናልባት የመጨረሻችን ነው። ጁጁን ባታም ደሴት ፋብሪካ ሥራ አግኝቷል።» ጁጁን ከበሮ መቺው ነው። «መቶ ሰው ከመጣ እቀራለሁ ብሏል። ካልመጣ ማግስቱን ይሄዳል፤ እኔም ከሕፃናት ጋር ስለ ዳክዬ እየዘመርኩ እኖራለሁ።»

ኤንግኩስ ደነገጠ። ሙቀጫ ከጠፋ ምን ሊሰማ ነው? ወዲያው ደግሞ መቶ የሚለውን ቁጥር አሰበና ሌላ ድንጋጤ መጣበት። መቶ ሰው ማለት መቶ የእህት ልጅ ማለት ነው። አንዱ ሚኒባስ ነጂ መሆኑ አይቀርም። ወንበሯ ሄደች ማለት ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን አንዱን ይመርጥ ነበር። ኤንግኩስ ሁለቱንም ፈለገ፤ ሙቀጫ እንዲኖር፣ ግን ማንም እንዳያውቀው። መቶው ሰው በራሱ ጊዜ፣ በሌላ በኩል ይመጣል ብሎ ራሱን አሳመነ።

ፖስተሩን በነፃ አተመ፤ ውበቱም አይነገርም። የባንዱን ስም፣ በሄቪ ሜታል ልማድ፣ የተነቀለ የዛፍ ሥር አስመስሎ ጻፈው። ይህ ደንብ ነው፤ የሚነበብ ስም ያለው ባንድ አይከበርም። ኤንግኩስ ግን ቀኑንም፣ ሰዓቱንም፣ ቦታውንም በዚያው ሥር በሚመስል ፊደል ጻፋቸው።

«በጣም ያምራል» አለች ሊሊስ ፖስተሩን አዙራ እያየች። «ቀኑ የታለ?»

«ይኸውልሽ፣ ከሥሮቹ መካከል። የሚያውቅ ሰው ያገኘዋል።»

አለጣጠፉም የዚያኑ ያህል የታሰበበት ነበር። ከመቃብሩ አጥር በስተውስጥ ሃምሳ፣ ለጥገና በተዘጋው መፀዳጃ ቤት ውስጥ ሠላሳ፣ ከመንደሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ጀርባ አሥር ለጠፈ። የቀረውን ራሱ ሱቅ ውስጥ፣ ሰው እንዳይረግጠው ብሎ፣ ከማተሚያው ሥር አስቀመጠ። ለሥራው ሦስት ቀን ፈጀበት፤ እንዲህ ለፍቶ አያውቅም።

እሁድ ሰባት ሰዓት ላይ አዳራሹ ውስጥ ዘጠኝ ሰው ተገኘ፤ ጥበቃው ጭምር። የስጋ ድቡልቡል ሾርባ የሚሸጠው ሰውዬ ጋሪውን በር ላይ አቁሞ ወደ ውስጥ አየና፣ ሾርባውን ሳይከፍት ቁጭ አለ።

ኦማንና ቴጃ ግን ደስታቸው ወሰን አልነበረውም።

«ዘጠኝ!» አለ ቴጃ በሹክሹክታ። «ለልጅ ልጅ የሚወራ ነው።»

«ጥበቃውን አትቁጠር» አለ ኦማን። «እሱ ተኝቷል። ስምንት ነን።»

ሙቀጫ ሰው ይመጣል ብሎ ብዙ ከጠበቀ በኋላ አራት ዘፈን ተጫወተ። ሊሊስ ባዶውን አዳራሽ እያየች መቶ ሰው እንዳለበት ሁሉ ጮኸችለት። ከዚያ አስር ለሚባለው የከሰዓት ሶላት ጥሪ ሆነና ደንቡ ነውና ጊታሩ ተቀመጠ፤ ጥቁር የለበሱት ሁሉ ወደ ውሃው ሄዱ። ኤንግኩስ ከግድግዳው ወዲህ ጎንበስ ብሎ እግሩን ሲታጠብ፣ ከወዲያ በኩል የሊሊስን ድምፅ ሰማ።

«ተወው ጁጁን። ሰው አልወደደንም፣ በቃ። እኔን የሚያሳዝነኝ ካንግ ኤንግኩስ ነው። ያን ሁሉ በነፃ አትሞ፣ ሦስት ቀን ሲለጥፍ ውሎ።»

«ሁለት ዘፈን ይቀረናል» አለ ጁጁን። «እንጨርሰውና ሻንጣዬን ላስር።»

የኤንግኩስ እጅ ውሃው ላይ ቀረ። የቱን እግሩን እንዳጠበ ጠፋበት፤ ሁለቱንም እንደገና አጠበ። ከሶላት ሲወጣ ወደ አዳራሹ አልተመለሰም። ፀጉሩን በአንድ እጁ ይዞ፣ ሁለት ቤት ተሻግሮ ወዳለው፣ ኮኮም ወደምትባል ሴት ግቢ ሮጠ።

እዚያ የኢማስ እቁብ ነበር። አርባ የሚሆኑ ሴቶች፣ እሱ ራሱ ያተመላቸውን ሐምራዊ ባለ አበባ ቲሸርት ለብሰው፣ ምንጣፍ ላይ ክብ ሠርተው ይበላሉ።

«ምን ሆንክ?» አለች ኢማስ። «ቤቱ ተቃጠለ?»

«ሙዚቃ አለ። አዳራሹ ውስጥ።»

«ሃያ ሁለት ዓመት አለ እኮ።»

ሴቶቹ ሳቁ። የቤቱ ባለቤት ኮኮም አፏን ጠርጋ፣ «ኧረ ይናገር ተዉት። ምን ዓይነት ዘፈን ነው፣ ካንግ?» አለችው።

ኤንግኩስ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ የድሮው አጨዋወት ነው፤ ከበሮው በሁለት እግር ይመታል፣ ጊታሩ ወፈር ብሎ ተቃኝቶ…»

ሴቶቹ የኢንሹራንስ ሻጭ እንደሚያዩት አዩት። አንዷ ወደ ሩዟ ተመለሰች። በሕይወቱ ስንት መቶ ባንድ ያወደሰ ሰው፣ ለማያውቅ ሰው አንድም ቀን አውድሶ እንደማያውቅ አሁን ገባው። እንደገና ጀመረ።

«ቴህ ኮኮም» አላት፤ ታላቅ እህት በአክብሮት እንደምትጠራበት። «ሦስት ሳምንት ውሃ የጠፋ ጊዜ፣ የመንደሩ ጽሕፈት ቤት ሄደሽ ‹ነገ ነይ፣ ነገ ነይ› ያሉሽን ታስታውሻለሽ?»

«አሁንም ያቃጥለኛል!»

«ከቢሮው ወጥተሽ ልትጮሂ ፈልገሽ፣ ሰው ምን ይላል ብለሽ የዋጥሽው አለ አይደል? እሱ ነው። እሱን ጩኸት ነው የሚዘፍኑት፤ ከነከበሮው። እኔ የዛሬ ሁለት ዓመት ስሰማው እናቴን ከቀበርኩ ወዲህ ያልወጣልኝ ነገር ወጣልኝ።»

ወደ ሩዟ የተመለሰችው ሴት ሳህኗን አስቀመጠች። ኢማስ ባሏን እንደ እንግዳ ሰው አየችው።

«ማነው የሚጮኸው?» አለች ኮኮም ቀስ ብላ።

«መምህርት ሊሊስ።»

«የኔ ልጅ አስተማሪ? ዝንብ ስታባርር ይቅርታ የምትጠይቀው?»

«እሷ። ዛሬ ሰው ካልመጣላት ታቆማለች።»

ከዚያ በኋላ መጎተት አላስፈለገም። አርባ ሴት ምግቡን እንደያዘ ተነሳ። ግማሾቹ በመንገድ ላይ ስልክ ደወሉ፤ «የልጅህ አስተማሪ ስትጮህ ና እይ» የተባለ ሁሉ ሞተሩን አስነሳ። ወንድ ልጆች መጡ፣ አማቾች መጡ፣ የባድሚንተን ተጫዋቾች ከነመምቻቸው መጡ። ሴቶቹ ምንጣፍ ስላነጠፉ ሰው ሁሉ ጫማውን በር ላይ አወለቀ፤ የነቃው ጥበቃ በጫማው ቆጥሮ መቶ አሥራ ሰባት ሰው ነው አለ፤ አንድ ጫማ ብቻውን ነበር። ሾርባ ሻጩ ድስቱን ከፈተ።

ኦማን ሐምራዊውን ጎርፍ አይቶ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ማነው የነገራቸው?»

«እኔ» አለ ኤንግኩስ።

ኦማን ቲሸርቱን አውልቆ ገልብጦ ለበሰ። ቴጃም ተከተለው። «ሞተ» አለ ኦማን። «ሜታል በሰማሁበት ሠላሳ ዓመት እንዲህ ያለ ግድያ አላየሁም።» ሐዘንተኞቹ ግን አልወጡም፤ በሩን ተደግፈው ቆሙ።

ከቀሩት ሁለት ዘፈኖች የመጀመሪያው ሲጀመር ሴቶቹ ጆሯቸውን ያዙ። መሐል ላይ ግን ኮኮም ተነስታ፣ በሁለት እጇ አየሩን እየደበደበች፣ «ነገ ነይ! ነገ ነይ!» እያለች ስለ ውሃው መጮህ ጀመረች። ከጎኗ ያለችው ስለ አማቷ ጮኸች። ሌላዋ ስለምን እንደጮኸች አልታወቀም፤ ባሏ ግን ወደ ኋላ ሄዶ ቆመ።

ዘፈኑ ሲያልቅ ሊሊስ እያለከለከች ማይኩን አነሳች፤ ድምፅዋ የአስተማሪ ድምፅ ሆኖ ተመለሰ። «እንኳን ደህና መጣችሁ፣ እናቶች። ፖስተሩን አይታችሁ ነው?»

«የምን ፖስተር?» አለች ኮኮም።

ሊሊስ ዙሪያውን አየች። ማንም ፖስተር አላየም። በመጨረሻ ዓይኗ ኤንግኩስ ላይ አረፈ። አሁን ንፋስ ወሰደው ቢል ያልፍለት ነበር፤ መቶ አሥራ ሰባት ሰው እያየው ግን ምላሱ እምቢ አለው።

«ደበቅሁት» አለ። «ሙቀጫን ሰው እንዳያውቅብኝ ብዬ።»

«ወይ ጉድ!» አለች ኢማስ ለአዳራሹ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ።

ሊሊስ አየችው፤ ቀለም የበላ ልጅ የምታይበት አስተያየት ነበር። ከዚያ በጣቷ ጠራችው። የአዳራሹ ወለል ለጨዋታ የተወለወለ ስለነበር ትልቁ ከበሮ በተመታ ቁጥር ወደፊት እየሸሸ ጁጁንን ሲያስቸግረው ውሏል።

«እዚህ ቁጭ በል» አለችው። «ጀርባህን ከበሮው ላይ አድርግ። ፊትህን ወደ ሰው። እንዳይንቀሳቀስ ያዝልን።»

ኤንግኩስ ፀጉሩን ሰብስቦ ተቀመጠ። እግሩን ዘርግቶ፣ አርባ ሐምራዊ አበባዎች ፊት ለፊት እንዳለ የመጨረሻው ዘፈን ተጀመረ። ከበሮው የጎድን አጥንቱን ይቆጥርለት ጀመር። ኢማስ ስልኳን አውጥታ እየሳቀች ቀረፀችው። እሱ ግን እንደ ግርዛቱ ድግስ ቀን ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ በዚህ ቦታ ደግሞ መደበቂያ የለውም።

ሲያልቅ ሰው ሁሉ ይድገም እያለ መሬቱን መታ። ጁጁን ከከበሮው በላይ ጎንበስ ብሎ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ፣ «ካንግ ኤንግኩስ» አለው። «ጥሩ ትይዛለህ። በሚቀጥለው እሁድስ ትመጣለህ?»

«እሁድ እኮ ስብሰባ አለኝ» ሊል አፉን ከፈተ።

«እመጣለሁ» አለ።