የጌተሙ ደጋፊዎች

ከቦንጋ ወጣ ብላ ባለችው ሰፈራችን፣ የወረዳው አስተዳዳሪ ትልቁ የጌተም ዛፍ ተቆርጦ የእንግዳ ማረፊያ እንዲሠራበት አዘዙ። ዛፉ ላይ የጎረቤቴ የጋሽ ገብረወልድ ቀፎዎች ተሰቅለዋል። ዛፉ ወደቀ ማለት የሽማግሌው ኑሮ ወደቀ ማለት ነው።

የእህታቸው ልጅ ዮሴፍ ገጀራውን ስሎ መጣ።

"ጋሼ፣ ንብ እንኳ ይናደፋል!"

"ይናደፋል፤ ከዚያ ይሞታል" አሉት። "ያንን አስቀምጥና ሥሩ እንቀመጥ።"

እውነቱን ለመናገር ነገሩ አልተዋጠልኝም። ጠመንጃ ለያዘ ሰው መቀመጥ ምኑ ነው? ግን ጎረቤት አይጣልምና በርጩማዬን ይዤ ሄድኩ፤ የሰፈሩ አሮጊቶችና ሽማግሌዎችም ተከተሉኝ።

በማግስቱ አንድ መኪና ሙሉ አድማ በታኝ ደረሰ፤ ለእኛ ለአሮጊቶቹ መሆኑ ነው! ዮሴፍን ጀርባውን በዱላ አሉት። ብድግ ሲል ጋሽ ገብረወልድ "ተቀመጥ" አሉት፤ ጥርሱን ነክሶ ተቀመጠ። እኔ አለቀስኩ፤ ሽማግሌውንም በሆዴ ረገምኳቸው።

አስተዳዳሪው "ጎትታችሁ አንሷቸው!" እያሉ ሲጮሁ፣ ሳይታሰብ የበላይ አለቃቸው መኪና ከች አለ።

"ይሄ ሁሉ ሰው ምን ሆኖ ነው?" አሉ አለቃው።

አስተዳዳሪው ላብ አጠመቃቸው። "ክቡር ሆይ፣ ሕዝቡ ልማቱን ደግፎ ወጥቶ ነው!"

ወዲያው ከአስተዳዳሪው መኪና "ልማቱን እንደግፋለን" የሚል ባነር ወጥቶ ከራሳችን በላይ ተሰቀለ፤ ፎቶ ተነሳን። ማታ በቴሌቪዥን ራሴን አየሁት፤ እንባዬ የደስታ ነው ተባለ።

በነጋታው ቆራጮቹ መጋዝ ይዘው ሲመጡ እኛ ባነራችን ሥር ተቀምጠናል። ጋሽ ገብረወልድ "ለድጋፍ ነው የወጣነው" አሉ፤ ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ አይደል? የፖሊሱ አዛዥ ትእዛዝ ሊጠይቅ ደወለ። አስተዳዳሪው ለበላይ ሪፖርት ያደረጉትን ደጋፊ በምን አፋቸው "በትኑ" ይበሉ? ጌተሙ አብቦ ማሩ እስኪቆረጥ ድረስ በየቀኑ ደገፍን። አስተዳዳሪውም ሕዝብ በማነቃነቅ ተመስግነው ሹመት አግኝተው ሄዱ።

"ሰላም አሸነፈ!" ብሎ ዮሴፍ ጨፈረ።

"ያሸነፈልንስ የሰውዬው ውሸት ነው" አሉ ጋሽ ገብረወልድ። "የማይዋሽ ሹም የመጣ ዕለት ነው የምንፈተነው።"

አዲሱ አስተዳዳሪ ሰኞ ደረሱ። ባነሩን ራሳቸው አወረዱትና "እኔ ግልጽ ሰው ነኝ፤ ዛፉ ይቆረጣል" አሉን።

ጋሽ ገብረወልድ በርጩማቸውን ወደ ግንዱ አስጠጉ። እኔም እየፈራሁ የእኔን አስጠጋሁ።