ዳገት ላይ የምትሞተው ኮምቢ

መምህር ኤርካሎ ኮምቢያቸውን ጋራዤ ያመጧት በ1996 ዓ.ም. የካቲት ላይ፣ በሰው አስገፍተው ነው። ሰባት ሰው ከኋላ ይገፋል፣ እሳቸው ክራቫታቸውን እንዳሰሩ መሪውን ይዘዋል። ከሚገፉት አንዱ የግቢያቸው ዘበኛ ብሩ ነበር። ላቡን በእጅጌው እየጠረገ «መኪናው ጤነኛ ናት፤ ዳገት ብቻ አትወድም» አለኝ። ያን ቀን ሳቅኩ። ዛሬ ትዝ ሲለኝ የሚያስቅ ነገር አላገኝበትም።

ሀብተሚካኤል እባላለሁ። አባቴ ከጉራጌ አገር የመኪና መለዋወጫ ሊሸጥ ወላይታ ሶዶ መጥቶ እዚሁ ቀረ፤ እኔ እሱ የሚሸጠውን መግጠም ተማርኩ። ሰዉ ሁሉ ሀብቴ ይለኛል። መምህር ኤርካሎ ብቻ፣ ሰባተኛ ክፍል ሳይንስ ሲያስተምሩኝ ስም እንደሚጠሩት ዛሬም ሙሉውን ነው የሚጠሩኝ። እኔም ስሜን ከአፋቸው ስሰማ ዛሬም ብድግ ማለት ይቃጣኛል። አርባ ዓመት ሞልቶኝም ቢሆን።

ኮምቢዋ የውኃ ጉድጓድ ያስቆፍር የነበረ አንድ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ የሸጠላቸው ናት። ያኔም አሮጊት ነበረች። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ውስጧ አልጋ፣ መጋረጃ፣ የእጅ መታጠቢያና ትንሽ የጋዝ ምድጃ አላት። የሶዶ ልጆች «አልጋ በጎማ» ይሏታል። መምህርና ባለቤታቸው እትዬ ሽታዬ ልጅ አልወለዱም። በየዓመቱ መስከረም ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ በዓል፣ በዚህችው መኪና ቦምቤ ይወርዳሉ፣ የእትዬ ሽታዬ እናት ቤት።

አሁን ግን ወሩ የጊፋታ አልነበረም። እትዬ ሽታዬ ከታመመች ዓመት አልፏት ነበር። በሽታው አጥንቷ ውስጥ ገብቷል ብለው ከአዲስ አበባ መልሰዋታል፤ ሐኪሞቹ ለባሏ ከፋሲካ አታልፍም ብለዋቸዋል። እሷም ሳይነግሯት ገብቷት ነበር። አንድ ነገር ብቻ ለመነች፤ ቦምቤ ወስዳችሁ ከእናቴ ጋር አገናኙኝ አለች። እናትየዋ እማማ አገርነሽ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ የአልጋ ቁራኛ ሆነዋል፤ ወደ ሶዶ መምጣት አይችሉም። እትዬ ሽታዬ ደግሞ መቀመጥ አትችልም። አንዴ በአይሱዙ ላይ ፍራሽ አንጥፈው ሲወስዷት መንገድ ላይ ራሷን ስታ ነበር። አምቡላንሱ ለወላድና ለድንገተኛ እንጂ ለእናት ናፍቆት አይወጣም። ስለዚህ በከተማው ውስጥ ተኝታ ልትሄድባት የምትችል አንዲት መኪና ብትኖር ይህችው ኮምቢ ነበረች።

እኔም ሥራዬን ጀመርኩ። ቆማ ስትነሳ ልክ እንደ ወጣት ነው ድምጿ። ካንዴላዎቹን አውጥቼ አየሁ፣ ደህና ናቸው። የእሳቱን መስመር አንድ በአንድ ፈተሽኩ፣ ችግር የለበትም። ካርቡራተሩን ስፈታ ሥሩ ላይ ነጭ ጭቃ የመሰለ ነገር አገኘሁ። በጠርሙስ ቤንዚን የሚሸጡትን ሁሉ ዘር ማንዘራቸውን አንስቼ ሰደብኩ። አጥቤ ገጠምኩና ወደ ሻንቶ በሚወስደው መንገድ ልሞክራት ወጣሁ። ሜዳው ላይ ሄደች። የመጀመሪያው ዳገት ላይ ሁለቴ ተንገጫገጨችና ቀጥ አለች። ጥቂት ቆይቼ ሳስነሳት፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው ተነሳች።

ያኔ ገባኝ። ቆማ የምትሠራ፣ ሸክም ሲመጣባት የምትሞት መኪና የጠማት መኪና ናት። ተመልሼ ከነዳጅ ጋኗ የሚመጣውን ጎማ ቱቦ ነቅዬ ጣሳ ውስጥ ለቀቅኩት። እንደ ቧንቧ መፍሰስ ሲገባው ጠብ፣ ጠብ ይላል። ከሥሯ ገብቼ በሌላኛው ጫፍ የቱቦውን ማሰሪያ በካቻቢቴ ፈታሁና ሳወጣው፣ ውስጡ የጣት ግማሽ የምታህል ጠመኔ ተሰክታበት አገኘኋት። ነጩ ጭቃ ከእሷ የተፈረፈረ ነበር።

መምህር ግቢ ውስጥ ሁልጊዜ ልጆች አሉ፤ ጡረታ ከወጡም በኋላ የጎረቤት ልጅ ሰብስበው በነፃ ያስጠናሉ። ጠመኔዋን በመዳፌ ይዤ ሄድኩና «ጋሼ፣ እነዚህ ውርጋጦች ናቸው መኪናዋን የገደሏት» አልኳቸው። መሬት መሬት እያዩ «ልጆች ናቸው፣ ምን ታደርጋቸዋለህ» አሉኝ። እኔ ደደብ! ማሰሪያው እኮ ጥብቅ ብሎ ነበር። ጠመኔ ከትቶ ማሰሪያ መልሶ የሚያጠብቅ ልጅ የለም። ይህን በዓይኔ አይቼ፣ በእጄ ፈትቼ፣ ልቤ ግን ሊያየው አልፈለገም።

ቅዳሜ ጠዋት መንገድ ተጀመረ። እትዬ ሽታዬን በአንሶላ ተሸክመን አልጋው ላይ አስተኛናት። አዲስ ቀሚስ ለብሳለች፤ ትራሷ ሥር ለእናቷ የገዛችው ነጠላ በፌስታል ተጠቅልሎ ተቀምጧል። እሷው ሀብቴ ካልሄደ አልሄድም ስላለች እኔ መምህር ጎን ተቀመጥኩ፣ እሳቸው ነዱ። «ሀብቴ፣ መጋረጃውን ክፈትልኝ፤ ዳሞታ ተራራን ልየው» አለችኝ። ከፈትኩላት። ከከተማው ወጥተን የመጀመሪያውን ዳገት እንደጀመርን ኮምቢዋ ሁለቴ ተንገጫገጨች።

እንደቆመች ወርጄ ከሥሯ ገባሁ። እጄ ወዴት እንደሚሄድ ያውቅ ነበር። ማሰሪያውን ፈታሁ። አዲስ ጠመኔ፣ ጫፏ እንኳ ያልተሸራረፈ። መሬት ላይ እንደተንጋለልኩ ዘወር ስል፣ አጠገቤ የተወለወሉ ሁለት ጫማዎች ቆመዋል። የመምህር ጫማ ነው። ወዲያ አላሉ፣ ወዲህ አላሉ። ጎንበስ ብለው ምን አገኘህ እንኳ አላሉኝም።

«መኪናው ምን ሆነች፣ ሀብቴ?» አለችኝ እትዬ ሽታዬ ከላይ በመስኮቱ። አማርኛዋ እንደ ዘበኛው ብሩ ወንድና ሴት ይቀላቅላል፤ ሁልጊዜ እቀልድባት ነበር።

ጠመኔዋን ነቅዬ ጥዬ ያን ጊዜ አስነስቼ ብሄድ፣ በሁለት ሰዓት ጉዞ ቦምቤ ነበርን። ነገር ግን ነቅዬ ብጥላት፣ ምን ነበር ስትለኝ ምን እላለሁ? ያስተማሩኝን ሰው በሚስታቸው ፊት ላዋርድ? ይሉኝታ ያዘኝ፤ ሌላ ስም የለውም። አፌ በራሱ ጊዜ ተናገረ። «የነዳጅ ፖምፓዋ ነው እትዬ። ከአዲስ አበባ ማስመጣት አለብኝ» አልኳት። ጠመኔዋንም መልሼ ከተትኳትና ማሰሪያውን አጠበቅኩ። ይህን ያደረግኩት እኔው በገዛ እጄ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት አለፈ፤ ስንት ሞተር ፈትቼ ገጠምኩ። ያች እጅ ግን ዛሬም ታሳፍረኛለች።

ቁልቁለቱን ወርደን እሷን ቤቷ ከመለስናት በኋላ፣ ከሰዓት መምህር ብቻቸውን ጋራዥ መጡ። ጎማ ላይ ተቀመጡ። «ቦምቤ ከደረሰች አትመለስም፣ ሀብተሚካኤል» አሉኝ። «እዚያ እኔ አማች ነኝ። እሷ ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ትሆናለች፣ እኔ ውጭ ዛፍ ሥር ከወንዶች ጋር ተቀምጬ ሞተች ብለው እስኪነግሩኝ እጠብቃለሁ። እዚህ ግን ጠዋት ስነቃ ትንፋሿን እሰማለሁ። ገንፎ አጎርሳታለሁ። ጥቂት ቀን ተወኝ። ጥቂት ቀን ብቻ።» ድምፃቸው ተሰበረ። መጮህ ነበረብኝ፤ የእርስዎ ጥቂት ቀን ለእሷ ያላት ዕድሜ ነው ማለት ነበረብኝ። «እሺ ጋሼ» አልኩ።

እትዬ ሽታዬ ቦምቤ ለገበያ በሚሄዱ ነጋዴዎች ለእናቷ መልእክት ላከች፤ መኪናዋ ታማለች፣ ስትድን ወዲያው እመጣለሁ ብላ። እናትየዋም አልተኙም። የሰፈራቸውን ምእመናን ጠርተው ለመኪናዋ አስጸለዩላት። መልሱን ያመጣችው ሴት እየሳቀች ስትነግረን፣ እትዬ ሽታዬም እስኪያስላት ሳቀች። መምህር ከክፍሉ ወጡ። እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ አልጋው እግር ሥር ቆሜ ቀረሁ።

በሄድኩ ቁጥር «ፖምፓው መጣች?» ትለኛለች። ነገ በአውቶቡስ ይመጣል እላለሁ። ሌላ ቀን ተሳስተው ሌላ ዕቃ ላኩ እላለሁ። አንድ ቀን አልጠየቀችኝም። እጄን ይዛ፣ አለመጠየቋ እንዳላስቀየመኝ ለማወቅ ፊቴን አየች። ያን ቀን ከቤቷ ስወጣ በራፉ ላይ መምህርን አገኘኋቸውና ዓይናቸውን ሳላይ «ቅዳሜ እወስዳታለሁ፤ ቢወዱም ባይወዱም» አልኳቸው። አልተቃወሙኝም። ዕለቱ ማክሰኞ ነበር።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ሞተች።

መምህር ሰው ፊት አላለቀሱም። ሽማግሌዎቹ የት ትቀበር ብለው ሲመክሩ ከተቀመጡበት ተነሥተው «ወደ እናቷ» አሉ። ከዚያ ሙሉ ልብሳቸውን እንደለበሱ ከኮምቢዋ ሥር ገቡ። ሰዉ በሐዘን አእምሯቸው የተነካ መስሎት ሊያወጣቸው ሲሮጥ እኔ ከለከልኩ። ሲወጡ ጠመኔዋ እጃቸው ውስጥ ነበረች። ቁልፉን ሰጡኝ።

መርዶው በወጉ እንዲነገር ተወሰነ። ሽማግሌዎች አርብ ገና ሲነጋ በሚኒባስ ይቀድማሉ፤ በሻንቶ በኩል ዞረው የሟቿን ታላቅ ወንድም አቶ ዳልጮን ይዘው፣ በእሱ አፍ ለእናትየዋ ይነግራሉ። እኛ አስከሬኑን ይዘን ሁለት ሰዓት ላይ እንነሳለን፣ ለቀስተኛው በአይሱዙ ይከተላል። ስንደርስ ሁሉም ነገር ተነግሮ፣ ተለቅሶ ይጠብቀናል።

ሳጥኑን አልጋው ላይ አደረግነው። ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሴቶች አጠገቡ ተቀመጡ፣ መጋረጃውን ዘጉት። እኔ ነዳሁ። ያንን ዳገት ስንደርስ ማርሽ ቀይሬ ነዳጅ ሰጠኋት፤ አንዴ እንኳ ሳታቅማማ ወጣችው። መምህር ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው መንሰቅሰቅ ጀመሩ። እኔም እያለቀስኩ መኪናዋን ተሳደብኩ፤ ሌላ የምሳደበው አጥቼ ነው እንጂ እሷ ምን በደለች። ከአረካ በኋላ አይሱዙው ከኋላችን ጠፋ። ኮምቢዋ ግን እንደዚያ ቀን ሄዳ አታውቅም።

ቦምቤ ስንገባ አራት ሰዓት ሊሆን ነው። ወደ እማማ አገርነሽ ግቢ የሚወስደውን መንገድ ስይዝ ጩኸት ጠበቅኩ። ጸጥ ያለ ነው። አጥሩ በር ላይ ሰው አልተሰበሰበም። አቶ ዳልጮ ለካ ሻንቶ ቤቱ አልነበረም፤ ሽማግሌዎቹ ከእርሻው እስኪያስጠሩት ድረስ ረፍዶባቸዋል። ይህን ያወቅነው በኋላ ነው። እኔ ግቢው ውስጥ ገብቼ ሞተሩን ያጠፋሁት መርዶው ተነግሯል ብዬ ነበር።

እማማ አገርነሽ ፀሐይ እንዲሞቁ አልጋቸው ከበራፉ ውጭ ተደርጎላቸው ተኝተዋል። የኮምቢዋን ድምፅ ያውቁታል፤ አሥር ዓመት ሙሉ ልጃቸውን ያመጣላቸው ድምፅ ነው። በክርናቸው ለመነሣት እየታገሉ በወላይትኛ «መጣች! ዳነች፣ መኪናዋ ዳነች!» እያሉ ጎረቤቶቻቸውን ይጣራሉ። አንዲት ጎረቤት ሮጣ መጥታ እልልታዋን አቀለጠችው። መምህር ከመቀመጫቸው አልተንቀሳቀሱም። እኔ ወረድኩ፤ አንድ ሰው መውረድ ነበረበት።

«መካኒኩ አንተ ነህ?» አሉኝ እማማ።

ቋንቋውን ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማዋለሁ፣ እናገረዋለሁ። ያን ጊዜ ግን አዎ ለማለት ራሴን ነቀነቅኩ። እጄን ስበው ግራሶ የገባበትን ጣቴን በየተራ ሳሙት፣ «ይህ እጅ ይባረክ፤ ልጄን አመጣህልኝ» አሉኝ። ከዚያ አንገታቸውን አስግገው ወደተዘጋው መጋረጃ አዩ።

«ምን ትቆማለህ፣ ልጄ? አውርዷት እንጂ። ብዙ ስትተኛ ጀርባዋን ያማታል።»