በግምት የተሣለ ፊት

እኔ ሮማነወርቅ ሰበታ ገበያ በርበሬ ሻጭ ነኝ፤ ምላሴም እንደ ሸቀጤ ያቃጥላል ይሉኛል። ይበሉ! ያን ቀን ግን እኔን ያቃጠለኝ የገዛ ባሌ ነው።

ካሳሁን የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነው። ፉሪ አጠገብ የተሠራውን አዲሱን ቤተ ክርስቲያን ሲሥል ሦስት ዓመት ከረመ። በመጨረሻ የኮሚቴው ሰብሳቢ ኦቦ ሞቲ፣ «ከእመቤታችን እግር ሥር ራስህን ሣል፤ የልጅ ልጅ ይወቅህ» አሉት። ቅዳሴ ቤቱ ሊከበር ሁለት ቀን ሲቀረው ምሳ ይዤለት ሄድኩና የራሱን ሥዕል አየሁት። ተንበርክኳል፣ ነጠላውን አጣፍቷል፤ ፊቱ ግን በጎን ነው፣ አንድ ዓይን ብቻ!

በእኛ ሥዕል ጻድቅ ሰው ሙሉ ፊት፣ ሁለት ዓይን አለው። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣሉት ሰይጣንና ይሁዳ ናቸው። ይህንንም ያስተማረኝ ራሱ ካሳሁን ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ጤናም የለህ?» ጮህኩበት። «ባሌን ከይሁዳ ጋር ትደምረዋለህ?»

አንገቱን ደፍቶ ብሩሹን እያጠበ፣ «ገላንን ረሳሽው እንዴ?» አለኝ።

እንዴት እረሳዋለሁ! የዛሬ አሥራ አራት ዓመት እኔንና ሁለት ልጆቹን ጥሎ፣ ገላን ከተማ ከሌላ ሴት ጋር ሁለት ዓመት ኖሯል። ሲመለስ ነፍስ አባታችን ፊት ይቅር አልኩት። አንጀቴ አርሮ ነበር፣ ግን ከልቤ ነው። ለካ እሱ ይቅርታዬን አልተቀበለውም! አሥራ ሁለት ዓመት አብሮኝ እየበላ፣ አብሮኝ እየሳቀ፣ ውስጡ ገላን ነበር። አሁን ደግሞ የልጅ ልጆቻችን አያታቸውን ግድግዳ ላይ በደለኛ ሆኖ ሊያዩት ነው።

«ለመሆኑ ጎንህን እንዴት አየኸው? በመስታወት እንደሆን አይታይ።»

«ገመትኩ» አለ።

«እሰይ! እኔ ይቅር ባልኩት አንተ በግምት ትፈርዳለህ? የተበደልኩት እኔ፣ ይቅር ያልኩት እኔ! አንተን ማን ጠየቀህ?»

 የጢም መላጫ መስታወቱን ቆሞ ከሚሥልበት መወጣጫ ላይ አንስቼ ፊቱ ላይ ደቀንኩ።

«እየው። ሁለተኛው ዓይን ሳይሣል ምሳ የለም።»

አየ። ቆይቶ እንባው መጣ። እንባውን በክንዱ ጠርጎ የጎኑን ፊት ቀለም አለበሰውና እንደ አዲስ ጀመረ። እስኪመሽ መስታወት ይዤ ቆምኩለት። ክንዴ ዛለ፣ ሽሮው ቀዘቀዘ፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

እሁድ ኦቦ ሞቲ ሥዕሉን አይተው ግር አላቸው። ሁለቱም ዓይኖች ደህና ናቸው።

«ካሳሁን፣ ሥዕሉ ላይ ያለው ሌላው ሁሉ ወደ እመቤታችን ያያል። አንተ ወደ ጎን ምን ታያለህ?»

ባሌ አፈር አለና፣ «መስታወቱን የያዘችልኝን» አላቸው።

ኦቦ ሞቲ ከት ብለው ሳቁ። እኔ ምላሰኛዋ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ።