በካሚል እጅ የሞተው ጆንያ

ካሚል ሲቆጣ አይጮኽም፤ ዝም ይላል። ዝምታው ግን አንበሳሜ ድረስ ይሰማል። የዚያን ቀን ጠዋት ዝም ሲልማ የዓባይ ማዶ ባጃጆች እንኳ ጥሩንባቸውን አቁመው አዳምጠውታል።

እስቲ ፍረዱ። ካሚል ከባሕር ዳር ዘጌ ሰው የምታመላልሰውን ትልቋን ጀልባ የሚነዳ ሰው ነው። አያቱ ጀልባ ሠሪ፣ አባቱ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። እሱ መራመድ የጀመረው ጀልባ ላይ ስለሆነ ዛሬም መሬት ሲረግጥ ይወዛወዛል። የዚያችን ጀልባ መሪ ከመያዝ በቀር በዓለም ላይ የሚመኘው ነገር የለውም፤ ቤተ መንግሥት ቢሰጡት ሞተሩ የት ነው ብሎ የሚጠይቅ ነው።

የጀልባው ድርጅት ባለፈው ክረምት ውሃ የገባ ሰው ስለማዳን ሥልጠና አዘጋጅቶ ነበር። በዚህ ድርጅት ሥልጠና እንደ ዕቁብ ነው፤ በተራ ይወጣል። ርዕሱ ምንም ይሁን ምን፣ ተራ የደረሰው ሰው ሆቴል ይገባል፣ አበል ይቀበላል፣ ክትፎ ይበላል። ስለዚህ ሰው ከውሃ ማውጣትን ሊማሩ የሄዱት ትኬት ቆራጯ ማህሌትና ዘበኛው ጋሽ ተክለ ጊዮርጊስ ሆኑ። ጋሽ ተክለ ጊዮርጊስን ከጠበል በቀር ሌላ ውሃ ነክቷቸው አያውቅም። ሆቴሉ ሐይቁ ጥግ ነው፤ አሠልጣኙ ግን የሐይቅ ፎቶ ግድግዳ ላይ ሲያሳይ ብርሃን እንዳያስቸግረው ብሎ በእውነተኛው ጣና ላይ መጋረጃ ዘጋበት።

ሲያበቃ ሰልጣኞቹ እንዴት ነበር ተባሉ። እጅግ ጥሩ አሉ። ክትፎው እጅግ ጥሩ ነበርና አልዋሹም። ሥራ አስኪያጁ አቶ ግሩም ያንኑ ይዘው፣ ሥልጠናው ፍጹም ውጤታማ እንደነበር ለበላይ መሥሪያ ቤት አሳወቁ።

የበላይ መሥሪያ ቤቱ ገምጋሚ ወይዘሮ እናትዓለም ግን በዋዛ የሚታለሉ ሴት አልነበሩም። ያን ጠዋት ወደቡ ላይ ከተፍ አሉ።

“ወረቀቱን አይቻለሁ፤ አሁን ውሃውን አሳዩኝ” አሉ።

ገለባ የታጨቀበት ጆንያ ኮት አስለብሰው፣ ባርኔጣ አስደፍተው፣ የዘጌ ተሳፋሪ ሁሉ እያየ ሐይቁ ውስጥ አስወረወሩት።

“የሰለጠናችሁ ውጡ። ይኼ ሰው እየሰመጠ ነው።”

ማህሌት ወደ ውሃው ጎንበስ አለች። “አይዞዎት ጌታዬ፤ ማህሌት እባላለሁ።”

“ምን እያደረግሽ ነው?” አሉ ወይዘሮ እናትዓለም።

“የመጀመሪያው ደረጃ ራስን አስተዋውቆ ማረጋጋት ነው።”

ጆንያው አልተረጋጋም። ባርኔጣው ወደ ጎርጎራ ጉዞ ጀመረ። ጋሽ ተክለ ጊዮርጊስ ሁለተኛውን ደረጃ ተረከቡ።

“ዋና የሚችል ሰው መጥራት” አሉና ዞር ብለው ተጣሩ፦ “አንተ ካሚል፣ ና እስቲ።”

ካሚል ዘለለ። የረጨው ውሃ ወደቡ ላይ እንደ ሐምሌ ዝናብ ወረደ፤ ጥላ የዘረጉም ነበሩ። ጆንያውን በእግሩ በኩል ጨብጦ፣ ታንኳ የሚያህል አምባዛ ዓሣ እንደሚጎትት እየጎተተ ዳር አደረሰው። ተሳፋሪው አጨበጨበ።

ወይዘሮ እናትዓለም ጎንበስ ብለው ጆንያውን ገለበጡት። “ሞቷል” አሉ።

“ማን?” አለ ካሚል።

“ሰውዬው ነዋ። ፊቱን ውሃ ውስጥ ደፍተህ እስከዚህ ጎተትኸው።”

ጭብጨባው ቆመ። ካሚል ዕድሜ ልኩን ያወጣው ዓሣ ነው፤ ዓሣ ደግሞ በየት በኩል ቢጎተት ቅር አይለውም።

“ያስተማረኝ የለም” አለ።

አቶ ግሩም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “እንግዲህ እንዳዩት ሰልጣኞቹ የተማሩትን አንድም ሳያጎድሉ ፈጽመዋል። ሰውዬው የሞተው ባልሰለጠነ ሰው እጅ ነው። ካሚል ከዛሬ ጀምሮ ጀልባዋን ያስረክባል።”

“ለማን ነው የማስረክበው? ለማህሌት?”

“እኔ ምን አጠፋሁ?” አለች ማህሌት። “ሥልጠና በተራ ይሁን ሲባል ሁለት እጅህን ያወጣህ አንተ አይደለህ?”

“አውጥቻለሁ። የክትፎው ተራ መስሎኝ ነዋ። ሰው ማዳንንም በተራ ነው የምንማረው ያለኝ የለም።”

“አንተም ተራህ ደርሷል እኮ” አሉ አቶ ግሩም ሊያባብሉት። “ሳምንት የትኬት አያያዝ ሥልጠና አለ። ሆቴሉ ያው ነው። ሄደህ ታርፋለህ።”

ካሚል ዝም ያለው ይኼኔ ነው። ውሃ የሚያንጠባጥበውን ጆንያ ተሸክሞ ጀልባዋ ላይ ወጣ። ከፊተኛው ወንበር ላይ አስቀመጠው፤ የኮቱን ቁልፍም እስከ አንገቱ ቆለፈለት። ከዚያ የጀልባዋን ገመድ ክንዱ ላይ ጠምጥሞ ወደ ተሳፋሪው ዞረ።

“ወገኖቼ፣ ይኼን ሰውዬ የገደልሁት እኔ ነኝ፤ አይታችኋል። ሲሰምጥ ስሟን የነገረችው ደግሞ ትኬታችሁን የቆረጠችው ናት። አንዳችሁ ውሃ ብትገቡ ከዚህ የተሻለ የምናውቀው የለንም። ወላሂ፣ ይችን ጀልባ አላስረክብም፤ ሳልማርም ሰው ጭኜ አላስነሳትም። እንሂድ የሚል ካለ ከሟቹ ጎን ቦታ አለ።”

አንዲት የዘጌ ባልቴት ነጠላቸውን አስተካክለው አቶ ግሩምን አዩአቸው። “እስቲ እርስዎ ይቅደሙኝ፣ ጌታው።”

አቶ ግሩም ጆንያውን አዩ፤ ሐይቁንም አዩ። “እኔ ስብሰባ አለብኝ” አሉ።

ባልቴቷ ወደቡ ላይ ቁጭ አሉ። ሌላውም ተከትሏቸው ተቀመጠ፤ የማክሰኝት ገበያ እንኳ እንዲህ ሰው ተቀምጦበት አያውቅም።

“የግምገማዬ ውጤት ይኼው ነው” አሉ ወይዘሮ እናትዓለም። “አሠልጣኙን ይጥሩልኝ። ሆቴል ሳይሆን እዚህ፤ ውሃው ውስጥ። ቀድመው የሚገቡት ጀልባ ነጂዎቹ ናቸው።”

አቶ ግሩም ስልካቸውን አወጡ። “የዋና ልብስ ይዘህ ና” ካሉ በኋላ ጥቂት አዳመጡ። “ኧረ እዚህ መጋረጃ የለም” አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ካሚል ገመዱን ሳይለቅ ጠበቃቸው። “እሱ እስኪመጣ ድረስ የዚች ጀልባ ነጂ ማን ነው?”

አቶ ግሩም የተቀመጠውን ሕዝብ አዩ። “አንተ ነሃ።”

“እንግዲያው ጀልባዋ ትጠብቅ” አለና ገመዱን ወደቡ ላይ ከተተከለው ግንድ ጋር አሰረው።