ሳይከፈት የቀረው ዕጣ

ግርማን የሚያውቁ ሰዎች ተጠራጣሪ ያደረገው ሥራው ነው ይላሉ። ሳንታ ሞኒካ ከአንድ ሆቴል ሥር ባለ ፓርኪንግ፣ በመስታወት ቤት ውስጥ ሒሳብ ሊቀበል ተቀምጦ፣ «ቲኬቴ ጠፋብኝ፣ ግን የገባሁት አሁን ነው» የሚል ሰው ሲሰማ ሃያ ሁለት ዓመት ኖሯል። ካሜራውን ከፍቶ ሲያይ ሰውየው የገባው ትናንት ነው። ይህን ያህል ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ የኖረ ሰው፣ «እንደምን አደርክ» ሲሉት እንኳ ቀና ብሎ ሰዓቱን ያያል።

በዚያ ሳምንት ግን ጥርጣሬው ከሥራ የመጣ አልነበረም። ያጭበረበረው እሱ ራሱ ነበር። ስለዚህም የሚያየው ሰው ሁሉ የነቃበት ይመስለው ነበር።

ግርማ የገብርኤል ጽዋ ማኅበር ጸሐፊ ነው። ዘጠኝ ሰዎች ናቸው። ድሮ ጽዋው ቤት ለቤት ይዞር ነበር፤ ዘጠኝ መኪና የሚያስቆም ሰፈር ሲጠፋ ግን ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካለ ምግብ ቤት የጓሮ ክፍል ለምነው መሰብሰብ ጀመሩ። በዓሉ በሥራ ቀን ከዋለ በሚቀርበው እሁድ ይገናኛሉ። አሥራ አምስት ዓመት ሲሰበሰቡ የተጣሉት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱም በመኪና ማቆሚያ ምክንያት ነበር።

ከዚያ የፕሬዚዳንት ምርጫ መጣ።

ዘርዓብሩክ ሃውቶርን በሚባል ሰፈር የአውሮፕላን ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል፤ ጾም አይሽርም፣ ቅዳሴ አያረፍድም። እሱ ነው የጀመረው። «ክርስቲያን ነኝ የሚል ሰው ፅንስ ማስወረድ ይፈቀድ የሚለውን ወገን አይመርጥም። አለቀ» አለ።

ከሁሉም ታናሽ የሆነችው እየሩስ፣ ሽማግሌዎችን በየቤታቸው እየሄደች የምትንከባከበው፣ ዳቦዋን አስቀመጠች። «ኦኬ። ስደተኛ አባርራለሁ የሚለውንስ ወገን ክርስቲያን እንዴት አድርጎ ቮት ያደርጋል? ጌታ ራሱ በእናቱ እቅፍ ወደ ግብፅ አልተሰደደም?»

«ጌታ ወደ ግብፅ የገባው በሕጋዊ መንገድ ነው።»

«ቪዛውን አይተኸዋል?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማኅበሩ ሁለት ማኅበር ሆነ። ዳቦው አንድ፣ ጠረጴዛው ሁለት። ወደ ንስሐ አባታቸው ሄደው ጠየቁ፤ እሳቸውም «ቤተ ክርስቲያን ለማንም አትቀሰቅስም፤ ጸልዩና ሕሊናችሁን ጠይቁ» ብለው ላኳቸው። ገና ከበሩ ሳይወጡ ዘርዓብሩክ «ከእኔ ጋር ናቸው፤ ሲናገሩ የሚያዩት ወደ እኔ ነበር» አለ። እየሩስም «ወደ አንተ ያዩት ምክሩ ላንተ ስለሆነ ነው» አለችው።

የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪ፣ እትዬ ሰርክ ናቸው፤ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ የማይወዱት ነገር ሲነገር መነጽራቸውን ያወልቃሉ። አወለቁ። «ሐዋርያት በይሁዳ ምትክ ሰው ሲመርጡ ዕጣ ነው የጣሉት» አሉ። «ሦስት ቀን እንጹም፤ ዕጣ እንጣል፤ የወጣውን ዘጠኛችንም እንመርጣለን። ስማችንን እንኳ በማያውቁ ሁለት ሰዎች የተነሣ ማኅበሬ አይፈርስም።»

ሁሉም በገብርኤል ማሉ። ግርማም ማለ።

ግርማ ግን የራሱ ጉዳይ ነበረበት። ልጁ ኤልዳና አዲስ አበባ ናት፤ ያስገባላት የቪዛ ፋይል ስምንት ዓመቱ ነው፤ ለኤምባሲ ቃለ መጠይቅ የምትጠራበትን ቀን ትጠብቃለች። ስደተኛ አባርራለሁ የሚለው ወገን ካሸነፈ እንዲህ ያለው ፋይል ሁሉ ይቆማል ብሎ አንድ ሰው በቪዲዮ ሲናገር ሰምቷል። ሰውየው ማን እንደሆነ አያውቅም፤ ከጀርባው ባንዲራ ነበረ። ግርማ በሌላ ጊዜ ቢሆን ሰውየውን ይጠረጥረው ነበር። በዚህ ጉዳይ ግን አመነው።

እሁድ፣ የዕጣው ዕለት፣ ወረቀቶቹን የሚጽፈው ጸሐፊው ሆነ። የዕጩዎቹን ስም በመልአኩ ሥዕል ፊት መጻፍ ስላልወደዱ በፓርቲዎቹ ቀለም ተስማሙ፦ ሰማያዊ የእየሩስ ወገን፣ ቀይ የዘርዓብሩክ። ግርማ በመጀመሪያው ወረቀት ላይ «ሰማያዊ» ብሎ ጻፈ። ሁለተኛውን አነሣ። ኤልዳና ትዝ አለችው። «ሰማያዊ» ብሎ ጻፈ። ሁለቱንም እኩል ጠቅልሎ ምግብ ቤቱ ያዋሳቸው የሾርባ ሳህን ውስጥ ጣላቸው፤ በኋላ ሲያስበው ያስደነገጠው እንዲህ ቀላል መሆኑ ነው።

አባታችን ሆይ ተባለ። እትዬ ሰርክ ዓይናቸውን ጨፍነው አንዱን አወጡ። «ሰማያዊ» ብለው አነበቡ።

እየሩስ እልልታ ጀምራ ሰው ሲያያት አቋረጠች። ግርማ ሳህኑን ለማንሣት እጁን ሲዘረጋ የዘርዓብሩክ እጅ ቀደመው። የቀረውን ወረቀት ሳይከፍት አንሥቶ የሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«ምን ልታደርግበት ነው?» አለ ግርማ።

«ምንም። የተጸለየበት ወረቀት ቆሻሻ ውስጥ አይጣልም።»

ሰኞ ጠዋት ዘርዓብሩክ «እንደምን አደርክ ወንድሜ» የሚል መልእክት ላከለት። በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ «ወንድሜ» ብሎት አያውቅም። ማክሰኞ የገብርኤልን ሥዕል ላከ፤ ከሥሩ ምንም አልጻፈም። ግርማ ሥዕሉን አተልቆ አየው፤ መልአኩ ሰይፍ ይዟል። ረቡዕ ምንም አልላከም፤ ይህ ከሁሉም ባሰ። ሐሙስ ደወለ፤ ተሞልቶ የሚመለሰው የድምፅ መስጫ ወረቀት፣ ባሎቱ፣ በፖስታ ለየቤታቸው ደርሶ ነበር። «ቅዳሜ ባሎታችንን አብረን ለምን አናስገባም?»

«በፖስታ ልልከው ነበር።»

«አብረን ብናስገባ ደስ ይለኛል።»

ደስ የሚለው ለምንድን ነው? ግርማ ሌሊቱን ይህን ሲያገላብጥ አደረ። እምቢ ቢል ጥፋተኛ ነው። እሺ ቢል ደግሞ አንድ ነገር ተዘጋጅቶለታል።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ፌርፋክስ ላይ ተገናኙ፤ በዘርዓብሩክ መኪና ጥቂት መንገድ ነድተው የድምፅ መክተቻ ሣጥን ያለበት ቤተ መጻሕፍት ደጅ ፓርክ አደረጉ። ዘርዓብሩክ ሞተሩን አጠፋ፤ ስልኩን በፊቱ ደፍቶ አስቀመጠ።

«ስልክህን ምነው ደፋኸው?» አለ ግርማ።

«እንዳይረብሸን።»

«እየቀዳኸኝ አይደለም?»

«የሚቀዳ ነገር አለህ እንዴ?»

ዘርዓብሩክ ከሸሚዝ ኪሱ የተጠቀለለችውን ወረቀት አወጣ። እንደተጠቀለለች ናት። «አልከፈትኳትም» አለ። «ከፍቼ ቀይ የሚል ባገኝ በመልአኩ ዕጣ ተጠራጥሬያለሁ። ሰማያዊ የሚል ባገኝ ደግሞ አንተን አጣሁህ። ስለዚህ አንተ ንገረኝ።»

«ከጠረጠርከኝ ለምን ለእትዬ ሰርክ አልነገርክም?»

«አልጠረጠርኩህም።»

«ታዲያ ለምን አትከፍታትም?»

«ስለማልጠረጥርህ ነዋ።»

ዘርዓብሩክ የባሎቱን ፖስታ ይዞ ከመኪናው ወረደ። ግርማም ተከተለው። ፖስታው ታሽጓል፤ ጀርባው ላይ ተፈርሞበታል። «እንግዲህ ይህን ልከተው ነው» አለ ዘርዓብሩክ። «ሕሊናዬ አይሆንም ያለውን፣ ዕጣው ነው ብዬ። አንተ የጻፍከው ዕጣ።» የፖስታውን ጫፍ ሣጥኑ አፍ ላይ አስገባና እጁን አቆመ።

ግርማ ዝም ቢል ነገሩ ያልቃል። አንድ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚፈለግበት። ኤልዳናን አሰበ። ከዚያ ደግሞ የመስታወት ቤቱን አሰበ፤ ቲኬታቸው ሳይጠፋ ጠፋ የሚሉ ሰዎች ዓይናቸውን በጨው አጥበው ሲያዩት፣ ካሜራውን መክፈት እሱኑ እንዴት እንደሚያሳፍረው። አሁን ከመስታወቱ ወዲያ ማዶ የቆመው እሱ ነው።

«ተው» አለ።

«ምኑን?»

«ሁለቱም ሰማያዊ ነው።»

ዘርዓብሩክ ፖስታውን ሳበው። አልጮኸም፣ አልተሳደበም። ረጅም ትንፋሽ አወጣና «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ።

ግርማ ይህን ትንፋሽ ያውቀዋል። የተበደለ ሰው ትንፋሽ አይደለም። «ምንድን ነው ደስ ያለህ?»

«እኔ እኮ የሞላሁት ቀዩን ነው።»

«ማልክ እኮ።»

«ማልኩ።»

«በገብርኤል ማልክ።»

«አንተስ በማን ፊት ነው ያጭበረበርከው?»

አንዲት ፈረንጅ ውሻ እየሳበች መጣች፤ መንገድ ለቀቁላት። ፖስታዋን ከታ፣ ፈገግ ብላላቸው ሄደች። ከማንም ጋር የተማማለች አትመስልም።

«ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም» አለ ዘርዓብሩክ። «መሐላ አፍርሼ ልቆርብ አልችልም። ዕጣው ውሸት ከሆነ ግን መሐላው የለም አልኩ። አንተ እንድትነግረኝ ነው የፈለግኩት፤ እኔ ከፍቼ ካገኘሁት የራሴን ኃጢአት ለመሸፈን ፈልጌ ያገኘሁት ይመስላል።»

ግርማ ሊቆጣ ፈለገ፤ የሚቆጣበት ቦታ አጣ። «በእኔ ኃጢአት ነው ነጻ የወጣኸው ማለት ነው» አለ።

«አዎ። ይቅርታ።» ዘርዓብሩክ ጥቂት አሰበ። «የእኔና ያንተስ ይሁን። እነ እንዳሻውስ? እንዳሻው እንደ እኔ ቀይ ነበር። መሐላውን የሚጠብቅ ሰው ነው።»

ግርማ እዚያው ቆሞ ለእትዬ ሰርክ ደወለ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራቸው። መነጽራቸው ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ ሰማ።

«ማን አለ ከጎንህ?» አሉ።

«ዘርዓብሩክ።»

«አልተጣላችሁም?»

«አልተጣላንም።»

«ምነው?» አሉ፤ ይህ ከነገሩ ሁሉ ይበልጥ ያሳሰባቸው ይመስላል። ከዚያ ድምፃቸው ደነደነ። «ነገ ወደ ንስሐ አባትህ ትሄዳለህ። ጸሐፊነቱን ታስረክባለህ። አሁን ደግሞ ለእያንዳንዱ ራስህ ደውል፤ በቴክስት አይሆንም። ፖስታውን ያላስገባ ሰው ሕሊናው ያለውን ይምረጥ በል። ያስገባውን ደግሞ ይቅርታ ጠይቅ።»

«እሺ እትዬ። ልጄ እኮ...»

«አውቃለሁ። ብትጠይቀን ኖሮ ለእሷም እንጸልይላት ነበር። አልጠየቅከንም።» ዘጉ።

ግርማ የራሱን ፖስታ ከጃኬቱ አወጣ። ሰማያዊ ነው የሞላው፤ እሱን አልለወጠም። ሣጥኑ ውስጥ ከተተው። ዘርዓብሩክም ቀጥሎ የራሱን ከተተ።

«ድምፃችን ተሻሻረ» አለ ዘርዓብሩክ። ሁለት ሰዎች ሥራ ፈትተው እዚህ ድረስ ነድተው ምንም እንዳልመረጡ ያህል ነው።

መጀመሪያ የደወለው ለእየሩስ ነው፤ ቀላሏ እሷ ናት ብሎ።

«አላምንህም» አለች ሰምታ ስትጨርስ።

«በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት እኮ እየሩስዬ።»

«ሶ፣ ለምን አሁን? ምርጫው ማክሰኞ ነው፤ ለምን ቅዳሜ? ጋሼ፣ እውነቱን ንገረኝ። ዘርዓብሩክ አጠገብህ አለ?»

ግርማ ወደ ጎን አየ። «አለ።»

«አየህ። ሁለተኛዋን ወረቀት ሳምንት ሙሉ ማን ያዛት?»

«እሱ።»

«አየህ። ቀይ የሚለውን አውጥቶ ሰማያዊ ጽፎ ቢከትበትስ? ምን ብሎ አስፈራርቶህ ነው? የልጅህን ነገር አንሥቶ ነው?»

«ኧረ ማንም አላስፈራራኝም።»

«የሚፈራ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው» አለችና ዘጋች።

ዘርዓብሩክ ወረቀቷን ሰጠው። ግርማ ፈታት። «ሰማያዊ» ትላለች። የእሱ ጽሕፈት ነው። ወደ ፀሐዩ አዙሮ ደግሞ አያት፤ «ሰ»ዋ ትንሽ ወደ ግራ ያዘመመች መሰለችው። ዘርዓብሩክ እንደሚያየው ሲያውቅ አፍሮ መልሶ ጠቀለላት።

«ቀጥል» አለው ዘርዓብሩክ።

ለእንዳሻው ደወለ። ሳይጠራ ተነሣ።

«ጋሼ ግርማ፣ አሁን እየሩስ ደውላልኝ ነበር» አለ እንዳሻው። «ዘርዓብሩክ ምን አድርጎህ ነው?»

«ምንም አላደረገኝም። ያደረግኩት እኔ ነኝ። እንዳሻው፣ ስማኝ፤ ባሎትህን አስገብተሃል ወይስ ቤት ነው?»

በስልኩ ውስጥ ቴሌቪዥን ሲቀነስ ተሰማ።

«አንተ እሱን ማወቅ ለምን ፈለግክ?» አለ እንዳሻው።