ልጆቹን ማን ጠየቃቸው

ዳይሬክተራችን ከፈለ ሙዚቃ አይጠላም። ቢጠላማ በስንት ጣዕሙ! እሱ የሚወደው እንግዳ ሲመጣ የሚጮኽ ሙዚቃ ነው። እንግዳው መኪናው ውስጥ ሲገባ የሙዚቃ ክበቡም ልጆቹም እኔም ከሐሳቡ እንወጣለን።

ጋምቤላ የሙዚቃ መምህርት ሆኜ ስመደብ የጠበቀኝ አቧራ የጠገበ ኪቦርድና የተቀደደ ከበሮ ነው። አባላት ለመመዝገብ ማስታወቂያ ለጠፍኩ፤ ፍየል በላው። በየክፍሉ ዞርኩ፤ ልጆቹ ፈገግ አሉልኝ እንጂ አንድም አልተመዘገበ። ምክንያቱ የገባኝ ቆይቶ ነው። አብዛኞቹ የፕሮቴስታንት ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ቤታቸው መዝሙር እንጂ ዘፈን አይገባም። ቸርች ውስጥ ኪቦርድ ለመንካት የሚጋፋው ልጅ የእኔ ክፍል ደጃፍ ሲደርስ እግሩ ይከብደዋል።

ስለዚህ አንድ እሁድ ከቅዳሴ ስወጣ፣ ነጠላዬን እንደለበስኩ ቸርቻቸው ሄድኩ። ኪቦርድ የምትጫወተው የእኛው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ ኛሉዋል ነበረች። ጆሮዋ የተባረከ ነው፤ ዘማሪው ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር ሳትደናገጥ ትከተለዋለች። ማንም አላስተማራትም። ይህቺን ልጅ ኖታ ሳላስተምራትማ ከዚህ ከተማ አልወጣም አልኩ።

የቸርቹ መሪ ፓስተር ስቴፈን፣ ልጆቹን ክበቤ ይላኩልኝ ብዬ ስለምናቸው በትዕግሥት ሰሙኝና፣ "ቲቸር፣ ልጆቻችን አይዘፍኑም፤ አይጨፍሩም" አሉኝ።

"አላዘፍናቸውም። መሣሪያና ኖታ ብቻ ነው የማስተምራቸው። ቃሌ ነው።"

"ቃል ከሆነ እሺ" አሉና የኛሉዋልን እናት ኛጋይን ጠሩ። ኛጋይ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። "ልጄን ለአንቺ ሰጥቻለሁ። አንድ ነገር ከሆነች፣ አንቺን ነው የምጠይቀው" አለችኝ።

ኛሉዋል መጣች፤ እሷን ተከትሎ የቸርቹ ኳየር ልጅ ሁሉ ጎረፈ። ክፍሏ ጠበበችን። ሙቀቱ ሲያፍነን ኪቦርዱን ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ጥላ ሥር እናወጣዋለን። ኛሉዋል ቸርች የሚዘምሩትን አንድ መዝሙር ራሷ በኖታ ጽፋ ያመጣችልኝ ቀን፣ ስህተት ሞልቶበት ሳለ እንባዬ መጣ።

ከፈለ የነቃው ይሄኔ ነው። "ክበብሽ ሞላ አሉ! እንግዶች ይመጣሉ፣ ጭፈራ ይዘጋጅ" አለኝ።

"አቶ ከፈለ፣ እነዚህ ልጆች አይጨፍሩም። ለቤተሰቦቻቸው ቃል ገብቻለሁ። ከፈለጉ መሣሪያ ይጫወቱ።"

ሳቀብኝ። "የኑዌር ልጅ የማይጨፍር? ደሙ ውስጥ አይደል እንዴ!"

ደሙ ውስጥ! ይህን ሁሉ ዘመን እዚህ ኖሮ፣ ስለ ሰዉ የሚያውቀው ይህችኑ ነው። ተናድጄ ወጣሁ፤ ነገሩን ግን የተወው መስሎኝ ነበር።

ለካ ቀን እየጠበቀ ኖሯል። ለስልጠና ፑኝዶ በሄድኩበት ዕለት ልጆቹን ከክፍል አስወጣቸው። ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ላባና ዶቃ አልብሶ፣ በስፒከር ዘፈን ለቆ፣ በዚያ ፀሐይ ሜዳ ላይ እንግዶቹ ፊት አስጨፈራቸው። እምቢ ያለ ማርክ ይቀነስበታል አላቸው። ኛሉዋል አልጨፍርም ብትል፣ ላባውን ራሷ ላይ አድርጎ ከኪቦርዱ ጋር መሃል አቆማት። ከዚያ ፎቶዋን ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። "ደማቅ አቀባበል" ይላል ከሥሩ። እጁ ይሰበር!

ስመለስ ክፍሉ ባዶ ነበር። ማንጎው ሥርም ማንም የለም።

እሁድ ቸርች ሄድኩ። የክበቡ ልጆች ሁሉ ከኳየር ታግደው የኋላ አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። ኪቦርዱ በጨርቅ ተሸፍኗል። ደንባቸው ነው፤ የታገደ ሰው ጉባኤው ፊት ቆሞ የሆነውን ይናገራል፣ ከዚያ ይጸለይለታል። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት የሚባለውን በአማርኛ ታንሾካሹክልኛለች።

ተራው ሲደርሳት ኛሉዋል ተነሳች። "አልዘፈንኩም። አልጨፈርኩም። ግን እዚያ ነበርኩ" አለች።

አላስቻለኝም። ብድግ ብዬ፣ "እሷ ምን አጠፋች? ያስገደዳት ዳይሬክተሩ ነው! ቃል የገባሁትም እኔ ነኝ፤ እኔን ጠይቁኝ!" ብዬ ጮህኩ። ቤቱ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ፓስተር ስቴፈን አልተቆጡኝም። "ቁጭ በይ፣ ቲቸር። የጠየቅነው እሷን ነው። ራሷ ትናገር" አሉኝ። ተቀመጥኩ። ኛሉዋል ሁሉንም ተናገረች፤ ማርኩንም፣ ላባውንም፣ ፀሐዩንም። ጸለዩላቸውና እገዳው ተነሳ። ጨርቁን ከኪቦርዱ ላይ ያነሳችው ራሷ ኛሉዋል ናት።

ስንወጣ ኛጋይ ሰላም ሳትለኝ አለፈች። ልጅቷ ግን ቆመችልኝ።

"ቲቸር፣ ክበብ አልመለስም።"

"ኛሉዋል፣ እኔ እኮ አልነበርኩም!"

"አውቃለሁ። አንቺ ጥሩ ነሽ። እዚህ ሲያግዱኝ እንኳ፣ ምን ሆነሽ ነው ብለው ይጠይቁኛል። እዚያ ማንም አልጠየቀኝም።"

ኖታዋን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ነበርና ሰጠኋት። አጣጥፋ መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ከተተችው።

ሰኞ ጠዋት ከፈለ ቢሮው አስጠራኝ። ወንበሩን እያወዛወዘ ደስ ብሎት ነው የጠበቀኝ።

"እንግዶቹ በጣም ተደስተዋል! ሌሎችም ሊመጡ ነው። ያቺን ኪቦርድ የምትመታውን ልጅ አዘጋጂልኝ።"

"አላዘጋጅም" አልኩት። የክፍሉን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩለት። "ከፈለግህ ራስህ ሄደህ ጠይቃት።"

ቁልፉን አየ፣ እኔን አየ። የምሬን መሆኑ ሲገባው ብድግ አለ።

"እሺ፣ ማን ብዬ ልጠይቅ? ማን ነበር ስሟ?"

አልነገርኩትም።